መደመር ወይስ ማባዛት? የፕሮባቢሊቲ ሕጎች ለተምታቱባት ተማሪ

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። የፕሮባቢሊቲ ምዕራፍ ሲጀመር ቀሎኝ ነበር፤ ቀመሮቹንም በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ጥያቄ ሲመጣ ግን የሚደመር ይሁን የሚባዛ መለየት ያቅተኛል። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ‹ወይም ካለ ደምሪ፣ እና ካለ አባዢ› ብላ መክራኝ በዚያው መንገድ ብሠራ ሁለት ጥያቄ ተሳሳትኩ። አንደኛው ‹አንድ ዳይስ ሁለት ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ 6 የመውጣቱ ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው?› የሚል ነበር፤ 1/6 እና 1/6 ደምሬ 1/3 አልኩ። ሁለተኛው ‹5 ቀይና 3 ሰማያዊ ኳሶች ካሉበት ከረጢት ሁለት ኳሶች ሳይመለሱ ሲወጡ ሁለቱም ቀይ የመሆናቸው ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው?› ይላል፤ 5/8ን በ5/8 አባዝቼ 25/64 ጻፍኩ። በዚህ ላይ መምህራችን ‹አብረው ሊከሰቱ የማይችሉ ክስተቶች ነጻ ክስተቶች አይደሉም› ሲሉን ጭራሽ ግራ ገባኝ። ሁለቱም ‹አይገናኙም› ማለት አይደለም እንዴ? ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም ይሆን?»

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣

ስህተቶችሽን ከነአሠራራቸው ጽፈሽ በመላክሽ ሥራዬን በእጅጉ አቅልለሽልኛል፤ «ፕሮባቢሊቲ አይገባኝም» ብቻ ብለሽ ቢሆን ኖሮ የት ላይ እንደተሰናከልሽ መገመት ይኖርብኝ ነበር። አሁን ግን ነገሩ በግልጽ ይታያል። ቀመሮቹን ታውቂያቸዋለሽ፤ መደመርና ማባዛትም አላቃተሽም። የጎደለው ከቀመሩ በፊት መሠራት ያለበት ሥራ ነው፤ ይኸውም በሙከራው ሊከሰት የሚችለውን ውጤት ሁሉ መዘርዘር፣ ከዚያም ስለ ሁለቱ ክስተቶች ሁለት ነገሮችን መጠየቅ ነው። አብረው ሊከሰቱ ይችላሉ ወይ? የአንዱ መከሰት የሌላውን ዕድል ይለውጠዋል ወይ? የመጀመሪያው የመደመር፣ ሁለተኛው የማባዛት ጥያቄ ነው። የጓደኛሽ ምክር በቅን ልብ የተሰጠ ቢሆንም እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ዘልሎ በቀጥታ ወደ ስሌቱ ስለሚወስድ፣ የሚያዋጣው ጥያቄው እጅግ ቀላል ሲሆን ብቻ ነው።

ሒሳብ ለአንቺ ተፈጥሮ እንደሆነ ለጠየቅሽው ደግሞ ምላሼን በአንድ እውነተኛ ታሪክ ልጀምር። ዳላምቤር የተባለው ፈረንሳዊ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1754 በወጣው የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፔዲያ ቅጽ ውስጥ ካንቺው ጥያቄ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፤ አንድ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የመውጣቱ ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው? መልሱን 2/3 አለ። ምክንያቱን ሲያስረዳም፣ በመጀመሪያው ውርወራ ዘውድ ከወጣ ነገሩ እዚያው ስላለቀ ያሉት ውጤቶች ሦስት ብቻ ናቸው ብሎ ተከራከረ፤ ዘውድ፣ ጎፈርና ቀጥሎ ዘውድ፣ ወይም ሁለት ጊዜ ጎፈር። ከሦስቱ ሁለቱ ዘውድ ስላለባቸው 2/3 ሆነ። ስህተቱ ሦስቱን እንደ እኩል መቁጠሩ ላይ ነው። በመጀመሪያው ውርወራ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ግማሽ ሲሆን፣ የሌሎቹ ሁለቱ ግን የእያንዳንዳቸው ሩብ ነው። ሁለቱንም ውርወራ እስከ መጨረሻው ከጻፍነው ዘውድ–ዘውድ፣ ዘውድ–ጎፈር፣ ጎፈር–ዘውድና ጎፈር–ጎፈር የሚሉ አራት እኩል ውጤቶችን እናገኛለን፤ ከአራቱ ሦስቱ ዘውድ ስላለባቸው ትክክለኛው መልስ 3/4 ነው። እንዲህ ያለ ሊቅ የተሰናከለበትን ቦታ አንዲት ተማሪ በመጀመሪያ ሙከራዋ ብትሰናከልበት፣ ቦታው አስቸጋሪ መሆኑን እንጂ የእርሷን አለመቻል አያሳይም።

እስቲ የዳይሱን ጥያቄ በወረቀት ላይ እንሥራው። ስድስት ረድፍና ስድስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አስምሪ፤ ረድፎቹ የመጀመሪያውን ውርወራ፣ ዓምዶቹ የሁለተኛውን ውርወራ ውጤት ያመለክቱ። በጠቅላላው 36 ሳጥኖች ይኖሩሻል፤ ዳይሱ ያላጋደለ ከሆነ የሁሉም ሳጥኖች ዕድል እኩል ነው። አሁን የመጨረሻውን ረድፍ አጥቁሪ፤ እነዚህ በመጀመሪያው ውርወራ 6 የወጣባቸው ስድስት ሳጥኖች ናቸው። ቀጥለሽ የመጨረሻውን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ማጥቆር ጀምሪ። አምስቱን ጨርሰሽ ወደ ታችኛው ጥግ ስትደርሺ ስድስተኛዋን ሳጥን አስቀድማ ጠቁራ ታገኛታለሽ፤ ሁለቱም ውርወራ 6 የሆነባት ሳጥን ናት። የጠቆሩትን ሳጥኖች ስትቆጥሪ 11 ይሆናሉ፤ ስለዚህ መልሱ 11/36 ነው። አንቺ 1/3 ስትይ 12/36 ማለትሽ ነበር፤ ያቺን የጥግ ሳጥን አንድ ጊዜ ከረድፉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከዓምዱ ጋር ሁለት ጊዜ ቆጥረሻታል።

የመደመር ሕግ የሚባለው ከዚህ ሥዕል የተለየ ነገር የለውም። «ሀ ወይም ለ» የመከሰቱን ፕሮባቢሊቲ ለማግኘት የሀን እና የለን ፕሮባቢሊቲ እንደምራለን፤ ከዚያ ሁለቱም አብረው የሚከሰቱበትን ፕሮባቢሊቲ አንድ ጊዜ እንቀንሳለን፣ ምክንያቱም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። በእኛ ምሳሌ 6/36 ሲደመር 6/36 ሲቀነስ 1/36 ማለት ነው። ሁለቱ ክስተቶች ፈጽሞ አብረው ሊከሰቱ የማይችሉ ከሆነ፣ ለምሳሌ በአንድ ውርወራ 2 መውጣትና 5 መውጣት፣ የሚቀነሰው ዜሮ ስለሚሆን መደመሩ ብቻ ይበቃል። የሚቀነስ ነገር ያለውና የሌለው ተብለው እንደ ሁለት ሕግ ሲሸመደዱ ተማሪው የቱን እንደሚጠቀም ይጨነቃል፤ በእውነቱ ግን ሕጉ አንድ ነው፣ ምን ጊዜም መቀነሱን ጻፊውና የሚቀነሰው ዜሮ ከሆነ ዜሮ ብለሽ እለፊ።

የአንቺ መንገድ ስህተት መሆኑን ሠንጠረዥ ሳትሠሪም ልታውቂ ትችዪ ነበር፤ ይህ በፈተና ላይ ስለሚጠቅምሽ ልብ በዪው። ለሁለት ውርወራ 1/6ን ሁለት ጊዜ መደመር ትክክል ቢሆን ለስድስት ውርወራ ስድስት ጊዜ መደመር ትክክል በሆነ ነበር፤ ድምሩ 1 ይመጣል፣ ማለትም ዳይስ ስድስት ጊዜ የወረወረ ሰው 6 ማግኘቱ የማይቀር ይሆናል። ስድስት ጊዜ ወርውሮ 6 ያላየ ሰው ብዙ ነው። ለሰባት ውርወራ ደግሞ 7/6 ይሆናል፤ ከ1 የሚበልጥ ፕሮባቢሊቲ ደግሞ የለም። አንድን አሠራር ስትጠራጠሪ ቁጥሩን እንዲህ አስፍተሽ ፈትኚው፤ የተሳሳተ አሠራር በትንሽ ቁጥር ቢደበቅም በትልቅ ቁጥር ይጋለጣል።

«ቢያንስ አንድ» የሚል ቃል ባየሽ ቁጥር ግን ከመደመር ይልቅ የሚቀል ሌላ መንገድ አለ። የ«ቢያንስ አንድ ጊዜ» ተቃራኒው «አንድም ጊዜ» አለመሆኑ ነው። በአንድ ውርወራ 6 ያለመውጣቱ ፕሮባቢሊቲ 5/6 ነው፤ ሁለቱ ውርወራዎች አንዱ የሌላውን ዕድል ስለማይለውጡ በሁለቱም 6 ያለመውጣቱ 5/6 በ5/6፣ ማለትም 25/36 ይሆናል። ይህን ከ1 ብንቀንስ 11/36 እናገኛለን፤ ከሠንጠረዡ ጋር አንድ ነው። ለስድስት ውርወራም በዚሁ መንገድ ከሠራሽው መልሱ 0.665 ገደማ ነው፤ ትልቅ ዕድል ነው፣ እርግጠኝነት ግን አይደለም።

ፕሮባቢሊቲ ራሱን የቻለ የሒሳብ ዘርፍ ሆኖ የተወለደውም ከዚህ ጥያቄ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሸቫልዬ ደ ሜሬ በመባል የሚታወቅ ፈረንሳዊ ጸሐፊ፣ አንድ ዳይስ በአራት ውርወራ ቢያንስ አንድ ጊዜ 6 ማምጣቱ ከግማሽ የሚበልጥ ዕድል እንዳለው ያውቅ ነበር። ሁለት ዳይሶች አንድ ላይ ሲወረወሩ ግን ያሉት ውጤቶች 36 ስለሆኑ፣ 4 ለ6 የሆነውን ያህል 24 ለ36 ነው ብሎ በማሰብ በ24 ውርወራ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሁለቱም 6 የመሆናቸው ዕድል እንደዚሁ ከግማሽ መብለጥ አለበት አለ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፓስካል ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1654 ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለፌርማ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አንሥቶታል። ስሌቱን አንቺም ልትሠሪው ትችያለሽ። የመጀመሪያው 1 ሲቀነስ 625/1296፣ ማለትም 671/1296 ሲሆን ይህም ወደ 0.518 ይጠጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ 35/36 በራሱ 24 ጊዜ ተባዝቶ ከ1 ሲቀነስ የሚገኘው 0.491 ገደማ ነው። አንዱ ከግማሽ በላይ፣ ሌላው ከግማሽ በታች ነው። ደ ሜሬን ያሳሳተው የአንቺኑ የመሰለ ሐሳብ ነው፤ ዕድል ከውርወራው ብዛት ጋር በቀጥታ ተመጣጥኖ የሚያድግ መስሎታል።

አሁን ወደ ከረጢቱ እንሂድ። የመጀመሪያው ኳስ ቀይ የመሆኑ ፕሮባቢሊቲ 5/8 ነው ያልሽው ትክክል ነው። ቀይ ኳስ ወጥቶ ካልተመለሰ ግን ከረጢቱ ውስጥ የቀሩት 7 ኳሶች ሲሆኑ ከእነርሱ ቀዮቹ 4 ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ የምታባዢው በ4/7 ነው። 5/8 በ4/7 ሲባዛ 20/56፣ ሲቃለል 5/14 ይሆናል። በመቁጠርም ይረጋገጣል፤ ለመጀመሪያው ኳስ 8፣ ለሁለተኛው 7 ምርጫ ስላለ በቅደም ተከተል 56 ጥንዶች አሉ፣ ከእነርሱ ሁለቱም ቀይ የሆኑት 5 በ4፣ ማለትም 20 ናቸው። የአንቺ 25/64 የሚሠራው የመጀመሪያው ኳስ ተመልሶ ከተደባለቀ በኋላ ሁለተኛው ቢወጣ ነበር። የማባዛት ሕግም እንደ መደመሩ አንድ ነው፤ «ሀ እና ለ» የመከሰታቸው ፕሮባቢሊቲ፣ የሀ ፕሮባቢሊቲ «ሀ ከተከሰተ በኋላ» ባለው የለ ፕሮባቢሊቲ ሲባዛ ነው። ይህ ሁለተኛው ሁኔታዊ ፕሮባቢሊቲ ይባላል። ሀ መከሰቱ ለ ላይ ምንም ለውጥ ካላመጣ ሁለቱ ነጻ ክስተቶች ናቸው እንላለን፤ የዚያን ጊዜ ሁኔታዊው ከተራው ጋር እኩል ስለሚሆን ዝም ብለን እናባዛለን።

እዚህ ላይ መጽሐፍሽ ምናልባት ዘልሎት የሚያልፈውን አንድ ነገር ላሳይሽ፣ ምክንያቱም ሁኔታዊ ፕሮባቢሊቲን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። ከዚያው ከረጢት የመጀመሪያው ኳስ ወጣ እንበል፤ ነገር ግን ቀለሙን ማንም ሳያየው ተሸፍኖ ተቀመጠ። አሁን ሁለተኛው ኳስ ቀይ የመሆኑ ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው? ብዙ ተማሪዎች «የቀረው 7 ነውና ከ7 ላይ አንድ ነገር መሆን አለበት» ብለው በ4/7 እና በ5/7 መካከል ይዋልላሉ። ሁለቱንም መንገድ ዘርዝረሽ አስልዪው። የመጀመሪያው ቀይ ሆኖ ሁለተኛውም ቀይ የሚሆንበት 20/56 ነው፤ የመጀመሪያው ሰማያዊ ሆኖ ሁለተኛው ቀይ የሚሆንበት 3/8 በ5/7፣ ማለትም 15/56 ነው። ሁለቱ መንገዶች አብረው ሊከሰቱ ስለማይችሉ እንደምራቸዋለን፤ 35/56 ይመጣል፣ ይህም 5/8 ነው! ከመጀመሪያው ኳስ ዕድል ጋር አንድ ነው። ካሰብሽበት ደግሞ ሌላ ሊሆን አይችልም፤ ስለ መጀመሪያው ኳስ ምንም ካላወቅን፣ ከስምንቱ ኳሶች ማንኛውም ሁለተኛ ሆኖ የመውጣት ዕድሉ እኩል ነው። ዕድሉን ወደ 4/7 ወይም ወደ 5/7 የሚለውጠው የኳሱ መውጣት ሳይሆን የእኛ ማወቅ ነው። «ከተከሰተ» የሚለው ቃል በፕሮባቢሊቲ ውስጥ «መከሰቱን ካወቅን» ማለት ነው፤ ይህን ከያዝሽ ሁኔታዊ ፕሮባቢሊቲ የሚያስፈራ ነገር አይኖረውም። በዚህ በአንድ ስሌት ውስጥ መደመርም ማባዛትም እንደነበሩ ተመልከቺ፤ በአንድ መንገድ ላይ ተከታትለው የሚሄዱትን አባዛን፣ የተለያዩትን መንገዶች ደመርን። የቅርንጫፍ ሥዕል፣ ማለትም በየደረጃው የሚመጣው ውጤት እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚከፈልበትን ሥዕል፣ ስትሥዪ ይህ ራሱ በዓይን ይታይሻል።

መምህራችሁ ያሉት ነገርም ከዚህ ቀጥሎ ይፈታል። «አብረው የማይከሰቱ» እና «ነጻ» የሚሉት ሁለት ቃላት በጆሮ ሲሰሙ የተቀራረቡ ቢመስሉም ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚያመለክቱ ናቸው። ዳይስ አንድ ጊዜ ሲወረወር ተጋማሽ ቁጥር መውጣትና ኢተጋማሽ ቁጥር መውጣት አብረው ሊከሰቱ አይችሉም። ታዲያ ተጋማሽ መውጣቱን ብነግርሽ ስለ ኢተጋማሹ ምን ታውቂያለሽ? ፈጽሞ አለመከሰቱን ታውቂያለሽ፤ ዕድሉ ከግማሽ ወደ ዜሮ ወረደ። አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ካጠፋው፣ ከዚህ የበለጠ ጥገኝነት ከየት ይመጣል? ሁለቱም ክስተቶች ከዜሮ የሚበልጥ ፕሮባቢሊቲ እስካላቸው ድረስ አብረው የማይከሰቱ ክስተቶች ነጻ ሊሆኑ አይችሉም።

ነጻ ክስተቶችን በዓይን ግምት ብቻ መለየት ግን አይቻልም፤ ማስላት ያስፈልጋል። በዚያው አንድ ውርወራ «ተጋማሽ ወጣ» የሚለውን ክስተት 2፣ 4፣ 6 ብለን እንዘርዝር፤ ፕሮባቢሊቲው 1/2 ነው። «ከ3 ያነሰ ወጣ» የሚለው ደግሞ 1 እና 2 ነው፤ ፕሮባቢሊቲው 1/3 ነው። ሁለቱም የሚከሰቱት 2 ሲወጣ ብቻ ስለሆነ 1/6 ነው፤ 1/2 በ1/3 ሲባዛም 1/6 ይሆናል። ስለዚህ ነጻ ናቸው፤ ቁጥሩ ከ3 ማነሱን ብታውቂም ከሁለቱ አንዱ ተጋማሽ ነውና የተጋማሽነቱ ዕድል ግማሽ እንደሆነ ይቀራል። አሁን ሁለተኛውን ክስተት በጥቂት ብቻ ለውጠን «ከ4 ያነሰ ወጣ» እንበል፤ 1፣ 2፣ 3 ሆነ፣ ፕሮባቢሊቲውም 1/2። ሁለቱም የሚከሰቱት አሁንም 2 ሲወጣ ብቻ፣ ማለትም 1/6 ነው፤ የሁለቱ ብዜት ግን 1/4 ነው። እኩል ስላልሆኑ ነጻ አይደሉም። በአንድ ቁጥር መጨመር ብቻ ነጻነቱ ጠፋ፤ ይህን በስሜት ልደርስበት እችላለሁ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነጻ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ ማባዛት ከፈተና ነጥብ ያለፈ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ማወቅሽ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ አገር ሁለት ሕፃናት ልጆቿ በተለያየ ጊዜ በድንገት የሞቱባት አንዲት እናት ገድላቸዋለች ተብላ ለፍርድ ቀረበች። በምስክርነት የቀረቡ አንድ ሐኪም፣ እንደ እርሷ ባለ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሕፃን በተፈጥሮ በድንገት የመሞቱ ዕድል ከ8,543 አንድ ነው በማለት ይህንኑ በራሱ አባዝተው ሁለቱም በተፈጥሮ የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው አሉ። ሴትየዋ ተፈረደባት። ነገር ግን ሁለቱ ልጆች ወንድማማቾች ናቸው፤ በዘር የሚወርሱት ነገርም፣ ያደጉበት ቤትም አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ልጅ በዚህ መንገድ መሞቱ የሁለተኛውን ዕድል ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ነጻነቱ ሳይረጋገጥ መባዛቱ መሠረት አልነበረውም፤ በእንግሊዝ ያለው የንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2001 ስሌቱን ተቃውሞ መግለጫ አውጥቷል። ፍርዱ በ2003 ሲሻር ዋናው ምክንያት ለፍርድ ቤቱ ሳይቀርብ የቀረ የሕክምና ማስረጃ ቢሆንም፣ ያ ብዜት እስከ ዛሬ በስታቲስቲክስ ትምህርት የማስጠንቀቂያ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ስህተቱ አንቺ 5/8ን በ5/8 ካባዛሽበት ጋር በዓይነቱ አንድ ነው።

በዚሁ ጉዳይ ሌላም ስህተት ተደርቦ ነበር፤ በቅርቡ በትምህርታችሁ የምትደርሱበት ስለሆነ ባጭሩ ልጥቀሰው። «ለ ከተከሰተ ሀ» እና «ሀ ከተከሰተ ለ» አንድ አይደሉም፤ እናቲቱ ንጹሕ ከሆነች ልጆቹ እንዲህ የመሞታቸው ዕድል፣ ልጆቹ እንዲህ ከሞቱ እናቲቱ ንጹሕ ከመሆኗ ዕድል ጋር ተምታቶ ነበር። ይህን በቀላል ምሳሌ እንየው። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ አንድ በሽታ አለባቸው እንበል፤ ምርመራው ከ10ሩ ታማሚዎች 9ኙን በትክክል ይለያል፣ ከ990ው ጤነኞች ግን ከ10 አንዱን፣ ማለትም 99ኙን በስህተት ታማሚ ይላል። ታማሚ የሆነ ሰው በምርመራው የመለየቱ ዕድል 9/10 ነው። በምርመራው ታማሚ የተባለ ሰው በእርግጥ ታማሚ የመሆኑ ዕድል ግን፣ ታማሚ የተባሉት በጠቅላላው 108 ሲሆኑ እውነተኞቹ 9 ስለሆኑ፣ 9/108 ወይም 1/12 ብቻ ነው። ሁኔታዊ ጥያቄ ሲመጣብሽ «የታወቀው የቱ ነው? የሚፈለገውስ የቱ ነው?» ብለሽ ሁለቱን ለየብቻ ጽፈሽ ጀምሪ።

ለመለማመጃ የምመክርሽ ብዙ ጥያቄ እንድትሠሪ ሳይሆን ጥቂቱን ጥያቄ በሁለት መንገድ እንድትሠሪ ነው፤ አንድ ጊዜ ዘርዝረሽ ወይም ሥለሽ፣ አንድ ጊዜ በቀመር። ሁለቱ መልሶች ካልተስማሙ የተሳሳትሽበትን ቦታ ራስሽ ታገኚዋለሽ፤ ለመልስ ቁልፍም ሆነ ለማንም አትጠብቂም። ስትዘረዝሪ የዘረዘርሻቸው ውጤቶች እኩል ዕድል እንዳላቸው ጠይቂ። የሁለት ዳይሶች ድምር ከ2 እስከ 12 ነው ብለሽ የእያንዳንዱን ዕድል 1/11 አታድርጊ፤ 7 በስድስት መንገድ ሲመጣ 2 በአንድ መንገድ ብቻ ይመጣል። ጋሊሊዮም በሦስት ዳይሶች ስለሚመጣ ተመሳሳይ ጥያቄ ጽፏል፤ 9ኝ እና 10ር ሁለቱም በስድስት ዓይነት የቁጥር ጥምረት ይገኛሉ፣ ሆኖም ተጫዋቾች 10ር ትንሽ እንደሚበዛ ያስተውሉ ነበር። ጥምረቶቹ በስንት ቅደም ተከተል ሊወጡ እንደሚችሉ ሲቆጠር ከ216 ውጤቶች 25ቱ 9ኝ፣ 27ቱ ደግሞ 10ር ይሰጣሉ። መልስሽን ካገኘሽ በኋላም ከማስረከብሽ በፊት መጠኑን ተመልከቺ፤ ፕሮባቢሊቲ ከ0 አያንስም ከ1 አይበልጥም፣ የ«ሀ እና ለ» መልስ ከሀም ከለም ሊበልጥ አይችልም፣ የ«ሀ ወይም ለ» ደግሞ ከሁለቱ ከአንዳቸውም ሊያንስ አይችልም።

በቃልሽ የያዝሻቸው ቀመሮች ብዛት እንዳያስጨንቅሽ አንድ ነገር ልጨምር። የሩሲያው ሊቅ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1933 የፕሮባቢሊቲን ሒሳብ በጥቂት መነሻ ሕጎች ላይ አቁሞታል፤ ፍሬ ነገራቸው ፕሮባቢሊቲ አሉታዊ አይሆንም፣ የሁሉም ውጤቶች አጠቃላይ ፕሮባቢሊቲ 1 ነው፣ አብረው የማይከሰቱ ክስተቶች ደግሞ ይደመራሉ የሚል ነው። «ከ1 መቀነስ» ከእነዚህ ይወጣል፤ ክስተቱና ተቃራኒው አብረው አይከሰቱም፣ አንድ ላይ ደግሞ ሁሉንም ይይዛሉ። የሚቀነስ ያለበት የመደመር ሕግም ከእነዚህ ይወጣል፤ በሠንጠረዡ ላይ «በመጀመሪያው ብቻ 6»፣ «በሁለተኛው ብቻ 6» እና «በሁለቱም 6» ብለሽ በሦስት ከከፈልሽው 5/36፣ 5/36 እና 1/36 ተደምረው ያንኑ 11/36 ይሰጡሻል። የማባዛቱ ሕግ ደግሞ ሁኔታዊ ፕሮባቢሊቲ ምን እንደሆነ ከሚገልጸው ትርጉም የሚገኝ ነው። እንግዲህ በቃል መያዝ ያለበት ትንሽ ነው፤ ቀሪውን በተቸገርሽ ጊዜ ከሥዕሉ ላይ ልታወጪው ትችያለሽ።

ይህን ካነበብሽ በኋላ በዚያው 5 ቀይና 3 ሰማያዊ ኳሶች ባሉበት ከረጢት አንድ ጥያቄ ሥሪ፤ ሦስት ኳሶች ሳይመለሱ ሲወጡ ቢያንስ አንዱ ሰማያዊ የመሆኑ ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው? በመጀመሪያ የቅርንጫፍ ሥዕሉን ሥለሽ ሰማያዊ ያለባቸውን ሰባቱን መንገዶች ለየብቻ አባዢና ደምሪ፤ ከዚያ በተቃራኒው መንገድ፣ ሦስቱም ቀይ የሚሆኑበትን 5/8 በ4/7 በ3/6 አስልተሽ ከ1 ቀንሺ። በሁለቱም መንገድ 23/28 ማግኘት አለብሽ። ካላገኘሽ ሁለቱንም አሠራር እንደ በፊቱ ሙሉውን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የት ላይ እንደተለያዩ አብረን እንፈልገዋለን።